ለማስታወቂያ ድርጅት ምን ብለን እንጻፍ? ለፍኖተ ሰላም በርበሬ አዘጋጆች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም የምንገኝ፣ በርበሬ አዘጋጅተን የምንሸጥ የሴቶች ማኅበር ነን። እስካሁን በኪሎ እየመዘንን ለአካባቢው ገበያ ስናቀርብ ቆይተናል። አሁን አሽገን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ባሉ ሱቆች ለመሸጥ ስለወሰንን ስም፣ አርማ፣ ማሸጊያና ማስታወቂያ የሚሠራልን ድርጅት አነጋገርን። ‹መጀመሪያ ብሪፍ ላኩልን› አሉን። ‹ዘመናዊ ሆኖ ባህላችንን የሚያንጸባርቅ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ የዓባይ ፏፏቴ ሥዕል ያለበት ማራኪ ዲዛይን እንፈልጋለን› ብለን ጻፍንላቸው። አሁንም ተጨማሪ መረጃ ጠየቁን። ሌላ ምን መጻፍ ይጠበቅብናል? ብሪፍ የሚባለውስ ከቢጋር በምን ይለያል?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ። ድርጅቱ ተጨማሪ መረጃ መጠየቁ ቅር አያሰኛችሁ፤ መልካም ምልክት ነው። ያንን ደብዳቤ ተቀብሎ በሦስተኛው ቀን ፏፏቴ የተሣለበት አርማ ይዞላችሁ ቢመጣ ኖሮ ገንዘባችሁን ጠብቁ እላችሁ ነበር። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በዚህ ሙያ የኖርኩት ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው። መጀመሪያ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሠራተኛ ሆኜ ብሪፍ እጽፍ ነበር፤ በኋላ ወደ ማስታወቂያ ሥራ ገብቼ ሌሎች የሚጽፉትን መቀበል ጀመርኩ። ደብዳቤያችሁን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ደብዳቤ እንደገና ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ።

የቢጋሩን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስ። ቢጋር የሥራውን ወሰን፣ የሚፈለገውን ባለሙያ፣ የክፍያውንና የርክክቡን ሁኔታ ይወስናል፤ ለጨረታና ለውል ይጠቅማል። ስንት ባነር፣ በስንት ሜትር፣ በስንት ቀን የሚለውን የምታገኙት እዚያ ነው። ያ ባነር ለማን፣ ምን ብሎ፣ ምን ለውጥ እንዲያመጣ እንደሚሰቀል የሚናገረው ግን ብሪፉ ነው። ቢጋርን ግዢ ክፍሉና ኦዲተሩ ያነብቡታል። ብሪፍን የሚያነብበው ባዶ ወረቀት ፊቱ አስቀምጦ ሐሳብ የሚፈልገው ዲዛይነር፣ አብሮትም ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ሰነድ መቀላቀል አይከለከልም፤ እኔ ግን ለይታችሁ ብትጽፏቸው እመርጣለሁ፤ በቢጋር ቋንቋ የተጻፈ ብሪፍ ሐሳብ አያፈልቅምና።

አሁን ወደ ደብዳቤያችሁ። ዘመናዊ፣ ባህል፣ ማራኪ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ፏፏቴ። የማኅበራችሁን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡት። ለሆቴልም ይሆናል፤ ለቡናም ይሆናል፤ ለታሸገ ውኃም ይሆናል። በርበሬ የሚል ቃል የለበትም፤ የሚገዛ ሰውም የለበትም። ቀለሙንና ሥዕሉን ወስናችኋል፤ ያ መፍትሔ ነው። መፍትሔ የተፈለገለት ችግር የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፋችሁም።

እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ለጤፍ ከረጢት «ባህላዊና ዘመናዊ ይዘት ያለው» የሚል ብሪፍ ጻፍኩ። ሦስት አማራጭ መጣልኝ፤ ሦስቱም ላይ መሶብ ነበር። መለስኩት። ሌላ ሦስት መጣ፤ አሁን ደግሞ በሬና ሞፈር። እሱንም መለስኩ። በአራተኛው ዙር ዲዛይነሩ ስልክ ደውሎ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ይህን ጤፍ የሚገዛው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ገዢዎቻችን እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ ሴቶች ነበሩ። ጤፉን ሲመርጡ እፍኝ ወስደው መዳፋቸው ላይ ይበትኑትና አሸዋ እንዳለበት ያያሉ፤ ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አንዱንም አልጻፍኩትም። የባከነው ሁለት ወር የባከነው ዲዛይነሩ ስላልቻለ አልነበረም። እኔ የማውቀውን ስላላስረከብኩት ነበር።

እናንተ የቅኔ አገር ሰዎች ስለሆናችሁ በቅኔ ላስረዳ። ጎንጅና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ምድር ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ለማንም ማብራራት አያስፈልግም። ወርቁ ሊነገር የተፈለገው ነገር ነው፤ ሰሙ ያ ነገር የሚለብሰው መልክ ነው። በማስታወቂያ ሥራ ወርቁ ያለው ባለቤቱ እጅ ነው። በርበሬውን፣ ገዢውን፣ ገበያው ውስጥ የገጠመውን እንቅፋት ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰሙን፣ ማለትም ሥዕሉን፣ ቀለሙን፣ ቃሉን የሚያበጀው ደግሞ ባለሙያው ነው። እናንተ ሰሙን ልካችሁ ወርቁን ቤት አስቀርታችኋል። ባለሙያ ወርቅ ካልተሰጠው ሰም እየቀያየረ ይከርማል፤ እናንተም «ቆንጆ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል» እያላችሁ ስትመልሱለት ትከርማላችሁ።

ስለዚህ ብሪፉን አሁን ምን እየሆነ እንዳለና ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ በመጻፍ ጀምሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተ፣ ስንት አባላት እንዳሉት፣ ራእይና ተልእኮውን ይዘረዝራል። እሱ በአባሪ ይሂድ። እዚህ የሚገባው ሐቁ ነው፤ የሚያሳፍር ቢሆንም። ቀድሞ በላስቲክ አሽጋችሁ ለሱቅ ሰጥታችሁ ተመልሶባችሁ ከሆነ ጻፉት፤ ባለ ሱቁ ስለ ምክንያቱ የነገራችሁን በራሱ ቃል ጻፉት። ከዚህ የበለጠ ለዲዛይነር የሚጠቅም መረጃ የለም።

በርበሬ ደግሞ እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም። ሳሙና የምትገዛ ሴት ሳሙናውን ቤቷ ልሥራው ወይስ ልግዛው ብላ አታስብም። በርበሬ ግን የሴት ሙያ ሲለካበት የኖረ ነገር ነው። ዛላው ተመርጦ ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው ይሰናዳል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይያዛል። ይህን ማድረግ የምትችል፣ ግን አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖርና ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ የምትውል ሴት በርበሬዋን የት ታስጣ? በየትኛው ቀን ትደልዘው? እንግዲህ ዋናው ተፎካካሪያችሁ መደርደሪያው ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው እሽግ አይደለም። እናቷ ከአገር ቤት በአውቶቡስ የምትልክላት በርበሬ ነው። ያ በርበሬ ሲያልቅና የሚላክበት ቀን ሲርቅ ነው ወደ ሱቅ የምትሄደው፤ ስትሄድም ትንሽ እየቆጠቆጣት ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ የሚጽፈው ቃልና ያልተረዳው የሚጽፈው ቃል አይገናኙም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለአንድ የቅመማ ቅመም ሥራ ስንዘጋጅ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆሜ ገዢዎችን ስመለከት ዋልኩ። አንዲት ሴት መጣች፤ ሥራ ውላ የተመለሰች ትመስላለች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። የበርበሬ እሽግ አነሣች። ፊቱን አላየችም፤ ወዲያው ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ እሽጉን ጫን ጫን አደረገችና ዱቄቱ እንዴት እንደላመ ዳሰሰች። ከዚያ ስፌቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ቀኑን ፈለገች፤ ተደምስሶ ስለነበር ወደ ብርሃን ይዛው ዞረች። በመጨረሻ ባለ ሱቁን «ባዕድ ነገር የለበትም?» አለችው። «እኔም ቤቴ የምወስደው ይህንኑ ነው» ሲላት ከመደርደሪያው ትንሹን መጠን መርጣ ወሰደች።

ከዚያች ሴት እጅ የተማርኩት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። የእሽጉ ጀርባ ከፊቱ እኩል ይነበባል፤ ምናልባትም ይበልጥ። የሚያስፈራት ዋጋው ሳይሆን ባዕድ ነገር ነው፤ የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ስለመያዙ በዜና ያልሰማ የለምና ፍርሃቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ያሳመናት ማሸጊያው ሳይሆን የሚታወቅ ሰው የሰጣት ቃል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገዛ ደግሞ ትንሹን ትሞክራለች፤ ስለዚህ ትንሽ መጠን ያለው እሽግ የሌለው አምራች እሷን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። እናንተም ብሪፉን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት አባሎቻችሁን ወደ ሱቅ ላኩ፤ ቆመው ይዩ። ከዚያ «ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 50 የሆኑ ሴቶች» ብላችሁ አትጽፉም፤ ያያችኋትን አንዲት ሴት ትጽፋላችሁ። ዲዛይነሩም የሚሠራው ለአንድ ሰው ሲሆን እጁ ይፍታታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የብሪፉ አስኳል ነው። ያቺ ሴት ማሸጊያችሁን አይታ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ምን እንድትይዝ ትፈልጋላችሁ? አንድ። «ንጹሕ፣ ጣፋጭ፣ ባህላዊ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው፣ ሴቶችን የሚያበረታታ» ብላችሁ አምስት ብትሰጡ አንዱም አይያዝም። የምትሏቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ተሰብስባችሁ እስኪያማችሁ ድረስ ሰርዙ። ከቅኔ ዓይነቶች አንዷ የሆነችው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሙሉ ምሥጢር ትይዛለች። የእናንተ መልእክትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ካላለቀ ገና አልበሰለም። ይህ የሚያጣላ ሥራ ነው። ጠቡን ግን እናንተ ቤት ጨርሱት፤ ሳትጨርሱት ወደ ድርጅቱ ከላካችሁት ማሸጊያው ላይ ይወጣል።

መልእክቱ እንዲታመን የሚያደርግ ማስረጃም ከሥሩ ይጻፍ። ማስረጃ ማለት ቅጽል አይደለም፤ የምታደርጉት ነገር ነው። ዛላውን የምታሰጡት መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ማስጫ ላይ ከሆነ፣ የነጣውንና የሻገተውን በእጅ ለቅማችሁ የምታወጡ ከሆነ፣ የምትጨምሩት ቅመም በስምና በመጠን የሚታወቅ ከሆነ፣ የምታስፈጩት አጥባችሁ ባዘጋጃችሁት አንድ ወፍጮ ከሆነ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ጻፉ። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ሻጋታ እንደሚይዝና ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመጣ እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ አደራረቃችሁ ይህን የሚከላከል ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው። የማታደርጉትን ግን አትጻፉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ የተታለለች የቤት እመቤት አትመለስም፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች።

ዲዛይነር ከእናንተ ካልሰማ ከማንም የማይሰማው ሌላው ነገር የዕቃው ጠባይ ነው። የበርበሬ ቅላት ብርሃንና አየር ሲያገኘው እየደበዘዘ ይሄዳል። ገዢዋ ደግሞ ቀለሙን በዓይኗ ካላየች አታምንም። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ይህን ግጭት እንዳለ ጻፉላቸው፤ «መስኮት ይኑረው» ወይም «አይኑረው» ብላችሁ ግን አትደምድሙት። ጎበዝ ዲዛይነር እዚህ ግጭት ውስጥ ነው ሐሳብ የሚያገኘው። ምናልባት መስኮቱን አጥብቦ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ምናልባት ለሱቁ የተለየ ማሳያ ብልቃጥ ያስባል፤ ምናልባት እኔም እናንተም ያላሰብነውን ያመጣል።

ኅትመትን በሚመለከት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋቸዋል፤ በመጀመሪያው ዙር ስንት እሽግ እንደምታወጡ፣ እሽጉም ስንት ግራም እንደሚይዝ። ጥቅልል ፕላስቲክ ላይ በሲሊንደር፣ ማለትም ምስሉ በተቀረጸበት የብረት ጥቅል፣ የሚታተም ማሸጊያ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሁለት ቀለም የታሰበ ማሸጊያና ባለ ብዙ ቀለም ፎቶግራፍ የሞላበት ማሸጊያ የመነሻ ወጪያቸው ሰማይና ምድር ነው። በጥቂቱ የምትጀምሩ ከሆነ ባልታተመ ከረጢት ላይ ስቲከር መለጠፍ ይሻላችኋል፤ ጽሑፉን ማረም ቢያስፈልግ የሚጣለው ስቲከሩ ብቻ ነው። ይህን በብሪፉ ካልተናገራችሁ በኮምፒውተር መስታወት ላይ ያማረ፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የማይቻል ዲዛይን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ጀርባው ላይ የግድ የሚሰፍሩትንም ዘርዝሩ፦ የተጣራ ክብደት፣ የይዘት ዝርዝር፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ። ዲዛይነሩ ቦታ የሚያዘጋጅላቸው ቀድሞ ካወቃቸው ነው፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ በጉንዳን ፊደል ይጠጋጋሉ።

ስለ ፏፏቴው በግልጽ ልናገር። ጢስ ዓባይን እንደማንኛውም ጎጃሜ እወደዋለሁ። ነገር ግን ስለ በርበሬያችሁ ምን ይናገራል? ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ሌላውም ተጠቅሞበታል። እናንተ ልትሉ የፈለጋችሁት «ከጎጃም ነን» ከሆነ እሱ ራሱ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ጃቢ ጠህናንና ቡሬ በበርበሬ የታወቁ ናቸውና። ያኔ «በርበሬያችን ከጃቢ ጠህናን መምጣቱ ለገዢዋ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም...» ብላችሁ ጻፉና ሥዕሉን ለእነርሱ ተዉት። ስም ስታስወጡም የቦታ ወይም የዕቃ ስም ብቻውን፣ ለምሳሌ «የጎጃም በርበሬ» የሚል፣ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ እንደሚያስቸግር አስቡ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ ይታደሳል። «ሊመዘገብ የሚችል ስም» የሚል አንድ መስመር ብሪፉ ላይ ይግባ።

ገንዘቡን ጻፉ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «ከነገርናቸው ሁሉንም ይበሉታል» የሚል ሥጋት አለ። ካልነገራችኋቸው ግን ወይ የማትከፍሉትን ያስባሉ፣ ወይ ፈርተው ትንሽ ያስባሉ። ሦስቱን ለይታችሁ አስቀምጡ፦ ለሐሳቡና ለዲዛይኑ፣ ለኅትመቱ፣ ማስታወቂያው ለሚተላለፍበት ቦታ። ሁሉንም በአንድ ድምር ከሰጣችሁ ዲዛይኑ ኅትመቱን ይበላዋል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በገንዘቡ ውስጥ መካተቱን ወይም አለመካተቱንም ግልጽ አድርጉ፤ በመጨረሻው ሰዓት ብዙ ወዳጅነት ያበላሸ ነገር ነው።

ጊዜውን ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዛላው በብዛት ገበያ የሚወጣው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮውና ምስሩ በየቤቱ የሚሠራበት፣ በርበሬም የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ከጾሙ መግቢያ በፊት መደርደሪያ ላይ መገኘት ካሰባችሁ ለማጓጓዝ፣ ለማሸግ፣ ለኅትመት፣ ለእርማት፣ ለሐሳብ እያላችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ብሪፉ መላክ ያለበት ቀን ከምታስቡት ይቀድማል። ቀኑን ስትጽፉ በወሩ ስም ጻፉ። «5/6» ለእናንተ የካቲት 5 ነው፤ ለማተሚያ ቤቱ ሜይ 6 ወይም ጁን 5 ሊሆን ይችላል።

የሚወስነውን ሰው ስም መጻፍ የሚረሳ፣ ግን ሥራ የሚያፈርስ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ማኅበር ሥራ አምስት ወር ቆየብን። አስተባባሪዋ ወደደችው፤ ሰብሳቢዋ ቀለሙን አስቀየረች፤ ገንዘብ ያዧ ቀለሙን ወደ ቀድሞው መለሰች፤ ከዚያ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ በእጅ ብልጫ ሌላ ቀለም ተመረጠ። የሁሉንም ስሜት ለመጠበቅ የተሠራው የመጨረሻው ማሸጊያ ማንንም ሳይመስል ቀረ። የሁሉንም አስተያየት ብሪፉ ከመላኩ በፊት ሰብስቡ፤ ብሪፉን ጉባኤው ያጽድቀው። ከዚያ በኋላ ግን ከድርጅቱ ጋር የሚነጋገረውና የሚፈርመው አንድ ሰው ይሁን፤ ቢበዛ ሁለት።

ጽሑፎቻችሁን በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ ተይባችሁ ላኩ። በቆዩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሊበታተን ይችላል፤ ፎቶ አንስቶ መላክም ዲዛይነሩ እንደገና ሲተይብ ፊደል እንዲገደፍ ያደርጋል። «ፍኖተ ሰላም» አንድ ቦታ ተለያይቶ ሌላ ቦታ ተጣብቆ እንዳይጻፍ አጻጻፉን አስቀድማችሁ ወስኑ። የአባላትን ፎቶግራፍ የምትጠቀሙ ከሆነ የእያንዳንዷን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሥራው ሲያልቅ የሚታተመውን ብቻ ሳይሆን ሊስተካከል የሚችለውን ዋናውን ፋይል እንደምትረከቡ በውሉ ይስፈር።

እንግዲህ እናንተን ሆኜ ብጽፍ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ነገሩን የገመትኩት እኔ ነኝ፤ እውነታውን እናንተ ተኩበት።

«ሁኔታው፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬ አዘጋጅተን በኪሎ እንሸጣለን። የሚያውቁን ደጋግመው ይገዙናል። የማያውቀን ሰው ግን የታሸገ በርበሬ አያምንም። ባለፈው ዓመት በላስቲክ አሽገን ለሦስት ሱቅ ሰጥተን ግማሹ ተመለሰልን፤ ባለ ሱቆቹ ‹ማን እንደሠራው አይታወቅም እያሉ ይተዉታል› ብለውናል።

የምንፈልገው ለውጥ፦ አንድ ጊዜ የሞከረች ገዢ ሳትጠራጠር ለሁለተኛ ጊዜ እንድትገዛ። የምንለካውም ባለ ሱቆቹ በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ደግመው እንዳዘዙን በመቁጠር ነው።

ለማን፦ ከተማ የምትኖር፣ ሥራ ውላ የምትገባ፣ በርበሬ ማዘጋጀት የምታውቅ ግን ቦታና ጊዜ ያጣች ሴት። እናቷ የምትልክላት ሲያልቅ ነው ወደ ሱቅ የምትመጣው። የምትፈራው ባዕድ ነገር ነው። እሽጉን ትገለብጣለች፣ ትዳስሳለች፣ ታሸትታለች።

አንዱ መልእክት፦ ይህን በርበሬ ያዘጋጁት የሚታወቁ ሴቶች ናቸው፤ ለራሳቸው ቤት እንደሚያዘጋጁት አድርገው።

ለምን ታምነናለች፦ ዛላውን በእጅ እንለቅማለን፤ ከመሬት ከፍ ባለ ማስጫ እናደርቃለን፤ የምንጨምረው ቅመም ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ እሽግ የተፈጨበትን ቀንና ያዘጋጀውን ቡድን ይናገራል።

አስቸጋሪው ነገር፦ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ገዢዋ ግን ቀለሙን ማየት ትፈልጋለች።

ከእናንተ የምንጠብቀው፦ ሊመዘገብ የሚችል ስም፣ አርማ፣ የሁለት መጠን ማሸጊያ፣ ለሱቅ የሚሆን አንድ ፖስተር። ለሙከራ በስቲከር ስለምንጀምር ቀለሙ ጥቂት ይሁን።

አንፈልግም፦ ሌላውን አምራች የሚያጣጥል ቃል፤ የማናደርገውን እንደምናደርግ የሚያስመስል ሥዕል።»

ከሥሩ ገንዘቡ፣ ቀኑ፣ የሚወስነው ሰው። ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ አይብለጥም። ልብ በሉ፣ የትኛው ቀለም ወይም የትኛው ሥዕል ይሁን የሚል ነገር የለበትም፤ ነገር ግን ይህን ያነበበ ዲዛይነር ከወንበሩ ሳይነሣ ሦስት ሐሳብ ይመጣለታል።

ጽፋችሁ ስትልኩ ደግሞ በኢሜይል ብቻ አትተዉት። ድርጅቱ ያለው አዲስ አበባ ቢሆንና ፍኖተ ሰላም ከዚያ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም አንድ ሰው መጥቶ ማስጫችሁን እንዲያይ፣ ድልዙ ውስጥ እጁን እንዲያስገባ ለምኑ። ካልሆነለት ዛላውንና ዱቄቱን በጥቅል ላኩለት፤ ያሽትተው። አጭር ቪዲዮ በስልክ ቀርጻችሁ ብትልኩም ይረዳል።

ሥራው ሲመጣ «ወደድኩት፣ አልወደድኩትም» ብላችሁ አትጀምሩ። ብሪፉን ጎኑ አስቀምጡና ያቺ ሴት ስትገለብጠው የምትፈልገውን ታገኛለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይመልስ ከሆነ «መልእክቱ አልተሰማኝም፤ ማን እንዳዘጋጀው አያሳይም» ብላችሁ ችግሩን ንገሯቸው እንጂ «ቢጫ አድርጉት» አትበሉ። በብሪፉ መሠረት የተሰጠ እርማት በአንድ ዙር ያልቃል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጽፉ ብትልኩልኝ በደስታ አነብበዋለሁ። የገንዘቡን መጠንና የሱቆቹን ስም አውጥታችሁ ላኩት፤ መልእክቱን የያዘችው አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን እንዳትቀር።